አባ ቀጥ ምሳሩና የሦስቱ ከተሞች ፈቃድ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ ያለው ከወዲሁ ይተኛ፤ መሀል ላይ የሚያንኮራፋብኝን ግን አልምርም!

በድሮ ዘመን ብረት አፍ ነበረው፣ እንጨትም መልስ ነበረው። በዚያ ዘመን አንድ ምሳር ነበረ፤ ስሙን አባ ቀጥ ይሉታል። ስለቱ ጠጉር ይሰነጥቃል፤ ኩራቱ ደግሞ ከስለቱ ይብሳል። በምን ይኮራል ብትሉ፣ ብዙ ዛፍ በመጣሉ አይደለም። "እኔ አባ ቀጥ፣ ያለ ፈቃድ ዛፍ ነክቼ አላውቅም!" እያለ ነው የሚኮራው።

ለዚህም ምክንያት ነበረው። አገሬው "የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል" እያለ የምሳርን ዘር ሲያማ ይሰማል። ይሰማና ያንገበግበዋል። "እንዲህ ያሉ ዘመዶች አሉኝ፤ አልክድም። ዘመድ አይመረጥ! እኔ ግን በወደቀ አልረባረብም፣ የቆመውንም ሳልጠይቅ አልነካም" ይላል። ሥራ ሊያሠራው የመጣ ሁሉ አስቀድሞ "ፈቃድ አለህ?" ተብሎ ይጠየቃል። ፈቃድ ያለው ይዞት ይሄዳል። የሌለው ግን እጀታው ላይ ቢንጠለጠልም አባ ቀጥ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ይህ ምሳር የሚኖረው ሦስት ከተሞች በሚዋሰኑበት ቦታ ነበር። ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ የጭላዶች ከተማ አለች። መሀል፣ ሜዳው ላይ፣ የቀበሮዎች ከተማ አለች። ታች፣ ወንዙ ዳር፣ የጃርቶች ከተማ አለች። ሦስቱም የዛፍ ሕግ ነበራቸው፤ የአንዷ ሕግ ግን ከሌላዋ ጋር አይገጥምም።

የጭላዶች ሕግ "አንድ ነዋሪ አቅፎ እጁ የሚገናኝበት ቀጭን ዛፍ ይቆረጣል፤ እቅፍ የማይበቃው ትልቅ ዛፍ አይነካም" ይላል። ኑሯቸው ገደል ላይ ነዋ! ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን ጨብጦ ከመንሸራተት የሚያድናቸው ትልልቁ ዛፍ ነው። የቀበሮዎች ሕግ "በአጥርህ ውስጥ ያለ ዛፍ የራስህ ነው፤ ከአጥርህ ውጭ ያለ የሁሉ ነው" ይላል። እነሱ ደግሞ በይዞታ ጠብ ሊተላለቁ ደርሰው ነበርና ያስታረቃቸው አጥር ነው። የጃርቶች ሕግ "የደረቀ ዛፍ ይቆረጥ፤ የለመለመ አይነካ" ይላል። ጃርት የሚኖረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ደረቅ ዛፍ ወድቆ ስንቱን ጉድጓድ ከነልጆቹ ደፍኖበታል።

እንግዲህ ሁሉም በሕጉ ይኮራል። ገበያ ላይ ሲገናኙ መነቋቆር ነው።

"እንደኛ ያለ ሕግ የት ይገኛል!" ይላል ጭላዳ።

"አጥር የማያውቅ ሕግም ሕግ ሆነና!" ይላል ቀበሮ።

"ሙቱን ከሕያው ሳይለዩ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው!" ይላል ጃርት።

እንዲህ ሲባባሉ ውለው፣ ቀጠሮ ያላቸው ይመስል በማግስቱም ይገናኛሉ።

ሦስቱ ከተሞች የሚገናኙት በአንዲት ዛፍ ሥር ነው። ዛፏ ቆርች ናት፤ እትዬ ቆርች ይሏታል። ቆርችን የማታውቁ ካላችሁ፣ በጋ ሲገባ ቅጠሏን አራግፋ ራቁቷን ትቆማለች፤ ራቁቷን እንደቆመች ቀይ አበባ ታወጣለች። የሦስቱም ድንበር እሷ ነበረች። ተጣልቶ የመጣ ሁሉ ከሥሯ ተቀምጦ ሳይታረቅ አይሄድም። አባ ቀጥም ሥራ ሲፈታ ግንዷን ተደግፎ ያርፋል። ምሳር ዛፍ ተደግፎ ሲያርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ አገር ግን ይታይ ነበር፤ እትዬ ቆርችም "እንዲህ ያለ ጎረቤት ለማን ተሰጥቶ!" ትል ነበር።

ከዛፏ ጀርባ ግራዝማች ከርከሮ የሚባሉ ባለጸጋ አዲስ ቤት ሠሩ። ቤት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ባለ ሰገነት ነው፣ በሩ የጥርሳቸውን ቅርጽ ይዞ የተጠረበ ነው። ታዲያ መንገደኛው ሁሉ ዛፏን ያያል፣ ከጥላዋ ያርፋል፣ ላቡን ጠርጎ ይሄዳል። ቤቱን ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ።

"ይህን ሁሉ ሠርቼ ማን አየልኝ?" እያሉ ግራዝማች ይቃጠላሉ። "ይህች ራቁት ለራቁት የምትቆም ዛፍ ቤቴን ትጋርድ?"

አንድ ቀን ወደ አባ ቀጥ መጡ።

"ተነሥ፣ ሥራ አለ" አሉት።

"የት ነው ግራዝማች?"

"ሩቅ አይደለም። የተደገፍካት ናት።"

አባ ቀጥ ደነገጠ፤ ግን ኩሩ ነውና ድንጋጤውን ዋጠው። "ፈቃድ አለዎት?"

"ከየትኛው ከተማ?"

"ድንበር ናት፤ የሦስቱም ናት። የሦስቱንም ፈቃድ ያምጡ።"

"ካመጣሁስ?"

"ካመጡማ እነሣለሁ" አለ አባ ቀጥ ደረቱን ነፍቶ። "የኔ ቃል ቃል ነው!"

ግራዝማች እየሳቁ ሄዱ። እትዬ ቆርች ግን አባ ቀጥን ተቆጣች።

"አንተ ምሳር፣ ምን ነካህ? በኔ አንገት ቃል ትገባለህ?"

"አይዞሽ እትዬ። አንዱ ሕግ ቢያሳልፋቸው ሌላው ይይዛቸዋል። ሦስቱን አያገኙም።"

"ወንፊትም ሲደራረብ ቀዳዳው ቀዳዳ ነው" አለች እትዬ ቆርች። 

ግራዝማች መጀመሪያ ወደ ጭላዶች ከተማ ወጡ። ዳኛዋ እመት ጭላዳ ናቸው። "እመት፣ ያቺ ቆርች ቀጭን ናት፤ አንድ ነዋሪ ያቅፋታል" አሏቸው። እመት ጭላዳ ሳቁ፤ የዛፏን ውፍረት ያውቁታላ! ወርደው ሲያዩ ግን ግራዝማች ከወንዝ ዳር ዘንዶን ጠርተው አምጥተዋል። ዘንዶ በግንዷ ላይ ዞረ፣ ዞረና ጅራቱን በአፉ ያዘ። "አቀፍኳት!" አለ። እመት ጭላዳ ራሳቸውን አከኩ። ሕጉ "አንድ ነዋሪ" ይላል እንጂ ምን ዓይነት ነዋሪ እንደሆነ አይልም። በሕጋቸው የሚኮሩ ናቸውና ሕጋቸውን ማጠፍ አፈሩ። የፈቃድ ምልክት የሆነውን የጓሳ ሣር ቋጥረው ሰጧቸው።

ግራዝማች ጓሳውን አባ ቀጥ እጀታ ላይ አሰሩት። "አንዱ ይኸው!"

"እንዴት ሰጡዎት?"

"ሕጋቸው ሰጠኝ!"

ሁለተኛ ወደ ቀበሮዎች ዞሩ። አገሩ ገበያ በዋለበት ቀን የእሾህ አጥራቸውን ነቀሉና ወደፊት ገፍተው ዛፏን፣ ዛፏን የተደገፈውንም ምሳር ጨምረው አጠሩ።

"ምን እየሠሩ ነው ግራዝማች?" አለ አባ ቀጥ።

"አጥር እያጠርኩ ነው። አጥር ለማጠር ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?"

ለአጥር ፈቃድ የሚጠይቅ ከተማ የለማ። ቀበሮዎች ከገበያ ሲመለሱ ዳኛ ቀበሮ መጥተው አዩ። ዛፏ በአጥር ውስጥ ናት። ሕጉ "በአጥርህ ውስጥ" ይላል እንጂ አጥሩ መቼ ታጠረ አይልም። ከጅራታቸው ቀይ ጠጉር ነጭተው ሰጡ።

"ሁለቱ ይኸው!"

"እንዴት ሰጡዎት?"

"ሕጋቸው ሰጠኝ!"

ሦስተኛው ቀረ። ግራዝማች በጋው እስኪገባ ጠበቁ። እትዬ ቆርች እንደ ልማዷ ቅጠሏን አራገፈች። በዚህ ጊዜ ግራዝማች ወደ ጃርቶች ወርደው ዳኛቸውን አባ ጃርትን ይዘዋቸው መጡ። የጃርቶች አገር ወንዝ ዳር ነው፤ ሾላው፣ ዋርካው፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። በእነሱ ዘንድ ቅጠሉ የረገፈ ሞተ ማለት ነው። አባ ጃርት ቀና ብለው ራቁት ቅርንጫፍ አዩና "ነፍስ ይማር" አሉ። እሾሃቸውን ነቅለው ሰጡ።

እትዬ ቆርች ከላይ "ኧረ እኔ አለሁ!" ብላ ጮኸች። አባ ጃርት ግን ወደ ጉድጓዳቸው እየተጣደፉ ነበርና አልሰሙም።

"ሦስቱ ይኸው!" አሉ ግራዝማች። ጓሳ፣ ጠጉርና እሾህ በአባ ቀጥ እጀታ ላይ ተንጠለጠሉ። "ቃልህስ?"

 አባ ቀጥ ቃሉን ቢያጥፍ ክብሩ ይሄዳል፤ ቃሉን ቢጠብቅ እትዬ ቆርች ትሄዳለች። ግራዝማች እጀታውን ጨብጠው ከመሬት አነሡት፣ ከትከሻቸውም በላይ ከፍ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው አባ ቀጥ ከላይ ሆኖ ሦስቱን ከተሞች በአንድ እይታ ያየው። አየና ጮኸ።

"በሕግ አምላክ!"

በዚያ አገር "በሕግ አምላክ" የተባለ፣ እግሩን አንሥቶ ከሆነ እንዳነሣ ይቆማል። ግራዝማችም ክንዳቸው ሰማይ ላይ ቀረ።

"ማነው የሚከሰኝ?"

"እኔ ነኝ፤ የያዙት ምሳር።"

"ቃልህን ልትበላ ነው?"

"ቃሌንማ አልበላም! ሦስቱ ፈቃድ እውነት ከሆነ እወርድባታለሁ። ግን ለየብቻ የተሰጠውን ሦስቱ ዳኞች አንድ ላይ ቆመው ሲደግሙት ልስማ።"

እንደ ወጉ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ታስሮ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ተቆራኝተው መሄድ አለባቸው። ምሳር ምን ልብስ አለው? የግራዝማች ኩታ ጫፍ ከአባ ቀጥ እጀታ ጋር ተቋጠረ። ገደሉን አብረው ወጡ፣ ሜዳውን አብረው አቋረጡ፣ ወንዙን አብረው ወረዱ። ግራዝማች ጭቃ ባዩ ቁጥር መንከባለል ያምራቸዋል፤ አባ ቀጥ ደግሞ "ዝገት አልወድም፣ ቀጥ ብለው ይሂዱ" ይላቸዋል። ያየ ሁሉ በሳቅ ይንከተከታል። ግራዝማች ቤታቸው እንዲታይላቸው ነበር የፈለጉት፤ ታዩ እሳቸው!

ሦስቱ ዳኞች ተጠርተው ከእትዬ ቆርች ሥር ተቀመጡ። የሦስቱ ከተማ ነዋሪ ተሰበሰበ። ክርክር ሳይጀመር ደግሞ ውርርድ አለ፤ የተረታ የሚያጣውን አስቀድሞ ይናገራል።

"እኔ ከተረታሁ ቀልጬ የከርከሮ በር ማጠፊያ ልሁን" አለ አባ ቀጥ። ሕዝቡ "ኧረ!" አለ።

"እኔ ከተረታሁ ግራዝማችነቴ ይቅር!" አሉ ግራዝማች። ሕዝቡ አሁንም "ኧረ!" አለ፤ አንዳንዱ ግን ደስ ብሎት ነው።

አባ ቀጥ ወደ ተከሳሹ ዞረ። "እስከ ዛሬ እርስዎ ብያለሁ። በችሎት ፊት ግን አንተ ነህ። ተጠየቅ!"

"ልጠየቅ!"

"እመት ጭላዳ ዘንድ ምን አልክ?"

"ቀጭን ናት አልኩ።"

"ዳኛ ቀበሮ ዘንድስ?"

"የግሌ ናት አልኩ።"

"አባ ጃርት ዘንድስ?"

"ደርቃለች አልኩ።"

"አንዲቱን ዛፍ ነው?"

"አንዲቱን ነው።"

"በአንድ እቅፍ የምትገባ ለጋ ከሆነች መቼ አርጅታ ደረቀች? የግልህ ከሆነችስ ጭላዳና ጃርት ደጅ ምን አስጠናህ?"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ግራዝማች ግን በዋዛ አይረቱም። ኩታቸውን አጣፉና "ጌቶቼ! ሕግ እንደ አገሩ ነው። ዛፏ በላይኛው ከተማ ቀጭን፣ በመሀለኛው የግሌ፣ በታችኛው ደረቅ ብትሆን ጥፋቱ የኔ ነው? ሕጋችሁ ተሳስቷል የምትሉ ከሆነ ንገሩኝና ልሂድ!" አሉ።

ይኼኔ ዳኞቹ ተያዩ። እመት ጭላዳ "የኛ ሕግ አልተሳሳተም" አሉ። ዳኛ ቀበሮም "የኛማ እንዴት ሆኖ!" አሉ። አባ ጃርት እሾሃቸውን አቁመው "ስሕተት ካለ ከላይ ነው" አሉ። ኩራት ደግ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ግን አለቦታው ይቆማል። የዛፏ ነገር ሊያበቃ ሆነ።

አባ ቀጥ ይህን አየ። የገዛ ኩራቱም እዚህ እንዳደረሳት ታወቀው። ከዚያ በሙሉ ድምፁ ተናገረ።

"ሕጋችሁን ማንም አልነቀፈም! የጭላዶች ሕግ ገደል ያቆመ ሕግ ነው። የቀበሮዎች ሕግ ደም ያደረቀ ሕግ ነው። የጃርቶች ሕግ ልጆች ያዳነ ሕግ ነው። ምሳር ሆኜ በሦስቱም እኮራለሁ። ግን ይህን ያህል ፈቃድ ስትሰጡ፣ ስትከለክሉ፣ እሷን የጠየቃት ማነው?"

 አባ ቀጥ ወደ ግንዷ ዞረ። በዕድሜው ሙሉ ከዳኛ ሲጠይቅ የኖረውን ከዛፍ ጠየቀ።

"እትዬ ቆርች፣ አንዲት ጭረት ፍቀጂልኝ።"

 ዛፍ ለምሳር ፈቃድ ስትሰጥ ተሰምቶ አይታወቅም። 

"ፈራሁ" አለች እትዬ ቆርች። "መፍራቴን አልደብቅም። ግን አንተን ከሥሬ አስጠግቼ ያሳረፍኩህ ስለማምንህ ነው። አንዲት ብቻ። ፈቅጃለሁ!"

የኩታው ቋጠሮ ተፈታ። አባ ቀጥ ተነሣ። ያ ጠጉር የሚሰነጥቅ ስለት ከግንዷ ላይ ጥፍር የሚያህል ልጣጭ ብቻ ቀስ ብሎ ገፈፈ። ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ታየ፤ ውሃም ችፍ አለ።

አባ ጃርት ተንደርድረው መጡና በአፍንጫቸው ነኩት። እርጥብ ነው። "ሕያው ናት! ወንዝ ዳር ተወልጄ የደጋ ዛፍ አላወቅሁም፤ ነፍስ ይማር ያልኩት በሕይወት ያለችውን ነው! ይቅር በይኝ እትዬ" ብለው እሾሃቸውን ከእጀታው ነቀሉ።

አንዱ ሲጀምር ለሌላው ይቀላል። ዳኛ ቀበሮ አጥሩን አዩት፣ ዛፏን አዩ፣ "ድንበር በሰው አጥር ውስጥ ከገባ ድንበር የት ሊኖር ነው? አጥሩ ይነቀል!" ብለው ጠጉራቸውን ወሰዱ። እመት ጭላዳም ብድግ አሉ። "ነዋሪ ማለት ገደሉ ላይ ከኛ ጋር ክረምት የመታው ነው። ዘንዶ ከወንዝ ዳር ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ነው!" ብለው ጓሳቸውን ፈቱ።

"እነሣለሁ ብዬ ነበር፤ ተነሣሁ" አለ አባ ቀጥ። "ከዚህ በላይ ፈቃድ የለኝም።"

ሕዝቡ እልል አለ። ግራዝማችም ከርከሮ ብቻ ሆነ። ቤቱ አልፈረሰበትም፤ ማንም ክፉ አላሰበበትም። ውሎ አድሮ ፀሐይ ሲከርርበት እሱም ወጥቶ ከእትዬ ቆርች ጥላ ይቀመጥ ጀመር፤ ያን ጊዜ ከመንገደኛ ጋር ይጫወታል፣ መንገደኛውም "የማን ቤት ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል።

ሦስቱ ከተሞች ሕጋቸውን አልቀላቀሉም፤ ገበያ ላይ ዛሬም ይነቋቆራሉ። በድንበር ዛፍ ላይ ግን ሦስቱ ዳኞች አንድ ጥላ ሥር ሳይቆሙ፣ ዛፉም ሳይጠየቅ ፈቃድ አይሰጥም። ከሌላ አገር ዳኞች ይህን ሥርዓት ሊያዩ ሲመጡ ሦስቱም "የኛ ነው!" ይላሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አንዱ አንዱን አያስተባብልም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሩቅ አገር አንድ ምሳር መጣ። አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ጉራው ለጉድ ነው። የጣላቸውን ዝግባዎች፣ የፈለጣቸውን ወይራዎች ሲዘረዝር ቆየና አባ ቀጥን ጠየቀው።

"አንተስ ሽማግሌው፣ የጣልከው ይታያል?"

አባ ቀጥ ግንዷን እንደተደገፈ ቀና አለ። እትዬ ቆርች ከነአበባዋ ቀልታ፣ ከሥሯ የሦስት ከተማ ሕዝብ ሰብስባ ቆማለች።

"የጣልኩት አይታይም" አለ። "ይህች ቆማ የምታያት ግን የኔ ሥራ ናት።"

የሰማችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ያንኮራፋችሁ ከሰማው ጠይቁ። ውሸት ሦስት ከተማ ተበትኖ በሰላም ይኖራል፤ አንድ ጥላ ሥር ሲገናኝ ግን እርስ በርሱ ይጣላል። የስለታምም ክብሩ ባወረደው አይደለም፤ አቁሞ ባሳደረው ነው።